ለላሊ የተገባ ቃል

ወንድሜ ዕንባቆም በቡችላ አፍ ውስጥ ሲተነፍስ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ጠዋት ነበር። ዝናቡ አባርቶ የጓሮው እንሰት ገና ይንጠባጠብ ነበር። ላሊ የምትባለው ውሻችን ጊዜዋ ሳይደርስ ምጥ ይዟት ከቆርቆሮው መጠለያ ስር ተኝታለች። ዕንባቆም አጠገቧ ተንበርክኮ የምትጥላቸውን ይቀበላል። ሁሉም ሞተው ነው የሚወጡት። የመጨረሻው ግን እግሩን ነቅነቅ አደረገ፤ ወይም ዕንባቆም እንደዚያ መሰለው። በፎጣ አሸው። ቁልቁል ይዞ አራገፈው። በትንሽ ጣቱ አፉን ጠረገለት። አልሆነም። ሰው መኖር አለመኖሩን ለማየት ወደ በሩ ዞር አለ፤ እኔ በኩሽናው መስኮት በኩል ስለነበርኩ አላየኝም። ከዚያ ቡችላውን ወደ ፊቱ አስጠግቶ፣ አፍና አፍንጫውን በገዛ አፉ ሸፍኖ እፍ አለበት። ደግሞ እፍ አለበት።

ወጣሁና "ምን እያደረግህ ነው?" አልኩት።

አፉን በክንዱ ጠረገ። "ልቡ ይመታ ነበር፣ ጣቢ። እጄ ላይ ይመታ ነበር።"

"አሁንስ?"

"አሁን ቆመ።"

ቡችላውን ከሌሎቹ ጎን አስተኛው። ላሊ አንገቷን ዘርግታ ልትልሰው ሞከረች። ዕንባቆም ቀና ብሎ ሳያየኝ "ይቺን ለማንም እንዳትናገሪ" አለ። "አብሮኝ ማዕድ የሚቀርብ አይኖርም። የቤተ ክርስቲያኑ ኳየር ውስጥ እነሳባ እንደሆነ አሁንም እኔ ዘምሬ ስጨርስ ማይኩን በአልኮል ነው የሚጠርጉት።"

"እሱንስ ድሮም መጥረጋቸው ጥሩ ነው" አልኩት።

ሳቀ። ሲስቅ የጉንጩ አጥንት ከወትሮው ይልቅ ወጥቶ ታየኝ። ከስቷል። ላሊ ከዚህ በፊትም አንዴ አስወርዳ ነበር፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ትኩሳት እየመጣ እየሄደ ያመላልሰው ነበር። ክሊኒክ ሲሄድ አንዴ ታይፎይድ ነው ይሉታል፣ አንዴ ወባ ነው ይሉታል። መድኃኒቱን ሲውጥ ይሻለዋል፤ ሲጨርስ ይመለስበታል። አንሶላው ጠዋት ጠዋት ተጨምቆ የሚሰጣ ያህል በላብ ይርስ ነበር።

እናትና አባታችን ካረፉ በኋላ እሱን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ሆሳዕና ጎፈር ሜዳ ባለው የወላጆቻችን ግቢ አብረን ነበር የምንኖረው። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። እሱ በአካውንቲንግ ተመርቆ ሥራ ሲያጣ፣ ሆቴል ያላቸውና መጋዘን ያላቸው ሰዎች ጥሩ የጥበቃ ውሻ እንደሚፈልጉ አየና ላሊን ገዝቶ ቡችላ ለማርባት ተነሳ። ላሊ ጆሮዋ የቆመ፣ ጀርባዋ የጠቆረ፣ የፈረንጅ ዘር ያላት ናት። የሚገናኛት ወንድ ግን ሆሳዕና ውስጥ አልነበረም። ያለው አንጋጫ፣ ጋሽ መልካሙ ዘንድ ነው።

ጋሽ መልካሙ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። አባታቸው ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው፤ እሳቸው ግን አንጋጫ ተወልደው ከምባትኛውን ከማንም እኩል ይናገሩታል። ውሻቸውን "ኮማንደር" ያሉት፣ ጡረታ የወጣ የፖሊስ አዛዥ ጎረቤታቸውን ለማብሸቅ ነው ይባላል። ኮማንደር ከዳምቦያም ከሺንሺቾም ሴት ውሻ ይመጣለታል። ገንዘብ የለበትም። የአገራችን ውሻ አርቢዎች ሥርዓት እንዲህ ነው፤ ሴቷ ስትወልድ የወንዱ ባለቤት መጥቶ ከሁሉ ቀድሞ አንድ ቡችላ ይመርጣል። ጽንሱ ካልያዘ፣ ወይም ቡችሎቹ ከሞቱ፣ ሴቷ ትመለሳለች፤ ወንዱ በነጻ ይደግማል። ሌላው ሰው ይህን ሥርዓት አንዳንዴ ያደርገዋል፣ አንዳንዴ ይረሳዋል። ጋሽ መልካሙ ግን ረስተው አያውቁም። "የሚመረጥ ቡችላ እስኪገኝ ድረስ ኮማንደር ባለዕዳ ነው" ይላሉ። ላሊ የመጀመሪያዎቹን ቡችሎች ስትጥል ራሳቸው ደውለው ነው "መልሳት" ያሉት። የአሁኖቹ ከዚያ የተገኙ ነበሩ።

ያን ጠዋት ዕንባቆም የሞቱትን ሊቀብራቸው መስሎኝ ዶማ ባመጣለት "ተይው" አለኝ። ቡችሎቹን በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ጥላ ስር አኖራቸው። "ሁለት ጊዜ ተከታትሎ እንዲህ አይሆንም። አንድ ነገር አለ። ሐዳሳን እጠራታለሁ።"

ሐዳሳ የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ከከተማው ዳር ባለ የእንስሳት ጤና ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። በባጃጅ መጣች፤ በረዶ ያለበት ሳጥን ይዛለች። ወደ ጓሮ ከመዝለቋ በፊት ጓንቷን እስከ ክርኗ ሳበች፣ አፏን ሸፈነች። የእንሰቱን ቅጠል ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ሸፈነችው።

"ማን ነው የነካቸው?"

"እኔ" አለ ዕንባቆም።

"በባዶ እጅ?"

"እና በምን?"

"ከእጅህ ሌላስ?"

ወደ እኔ አየ። "ከእጅ ሌላ ምን አለ?" አላት።

ሐዳሳ ሁለታችንንም አየችን። ከቡችሎቹ ናሙና፣ ከላሊ ደም ወሰደች። የሚፈሳትንም በጥጥ ነክታ ወሰደች። ልትወጣ ስትል "ጓሮውን በበረኪና እጠቡት። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ያለ ጓንት እንዳይነካት። ውጤቱ ይቆያል፣ የምጠረጥረው ነገር ላብራቶሪ ውስጥ ቶሎ የሚበቅል አይደለም" አለች።

"የምትጠረጥሪው ምንድነው?" አላት ዕንባቆም።

"ስም ሳላገኝለት ስም አልሰጠውም።"

በዚያው ሳምንት ጀርባው ተያዘ። ከአልጋ ለመነሳት ግድግዳ ይደገፍ ጀመር። ሆስፒታል ወሰድኩት። ዶክተር ሊያ የምትባል ወጣት ሐኪም አየችው። ጥሩ ሐኪም ናት፤ ስትጠይቅ ዓይን ዓይን እያየች ነው።

"ጥሬ ወተት ትጠጣለህ?"

"አልጠጣም።"

"ከብት፣ በግ፣ ፍየል ቤታችሁ አለ?"

"የለንም።"

"ከብት ስታስወርድ ወይም ስትወልድ ነክተህ ታውቃለህ?"

"ከብትስ ነክቼ አላውቅም" አለ።

ደሙ ተመረመረ። ዶክተር ሊያ ወረቀቱን እያየች "ብሩሴሎሲስ ሊሆን ይችላል ብዬ ነበር፤ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው። ግን የለብህም" አለችው። የአከርካሪ ቲቢ መሆኑን እንደምትጠረጥር ነገረችን። አስተኛችው። ቀሪው ምርመራና ራጁ እስኪታይ ትንሽ ትጠብቃለች፤ ከዚያ የቲቢውን መድኃኒት ታስጀምረዋለች።

ዶክተሯ ስትሄድ "ለምን አልነገርካትም?" አልኩት።

"የጠየቀችኝን መልሻለሁ።"

"ስለ ውሻ አልጠየቀችህም እንጂ።"

ወደ ግድግዳው ዞረ። "አጠገቤ የተኛውን ሰውዬ አየሽው? የመጋቢያችን አጎት ነው። እዚህ የተነገረ ነገር እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል።"

ከዚያ ቀጥታ ሐዳሳ ዘንድ ሄድኩ። በላብራቶሪው ኮሪደር አግዳሚ ላይ ተቀምጠን፣ ያየሁትን ነገርኳት። ሰምታኝ ስትጨርስ ጓንቷን ከእጇ ላይ ቀስ ብላ አወለቀች።

"በአፉ?"

"በአፉ።"

"አሁን ሆስፒታል ምን አሉት?"

"ብሩሴሎሲስ አይደለም፣ ቲቢ ይሆናል ነው የሚሉት።"

ቀስ ብላ፣ እኔ በሚገባኝ ቋንቋ አስረዳችኝ። ከቡችሎቹ የወሰደችው ነገር መብቀል ጀምሯል። ሳህኑ ላይ የወጡት ነጥቦች በጣም ትንንሽ ናቸው፣ እንደ ጤዛ የጠሩ። በማይክሮስኮፕ ስታየው አጭር ነው፤ ከብናኝ አይበልጥም። አቅልማ ስታየው በሰማያዊው መሃል ቀይ ሆኖ ይወጣል። እስካሁን ያየችው ሁሉ የብሩሴላ ቤተሰብ ነው ይላል።

"ያው እሱ ነዋ፣ ዶክተሯ የለብህም ያለችው" አልኳት።

"ቤተሰብ ነው ያልኩሽ። ቤተሰብ ውስጥ ወንድማማቾች አሉ። የከብቱና የፍየሉ ላያቸው ለስላሳ ነው። የውሻው ላዩ ሻካራ ነው። የሆስፒታሉ ምርመራ የሚይዘው ለስላሳዎቹን ብቻ ነው። ሻካራው በፊቱ ቢያልፍ አያየውም።"

"ላሊ ውሻ አይደለች? የውሻው ነዋ።"

"የግድ አይደለም። ውሻ የታመመች ላም የጣለችውን እንግዴ ልጅ በልታ ከላሟ ልትይዝ ትችላለች። እዚህ አገር ያው ነው፣ ላም ስትጥል ለውሻ ነው የሚወረወረው። እንደዚያ ከሆነ የላሊ ለስላሳው ነው። ለስላሳው ዕንባቆምን ይዞት ቢሆን ደግሞ ሆስፒታሉ ያገኘው ነበር። አላገኘም። ስለዚህ በሽታው ሌላ ነው፣ የዶክተሯን መድኃኒት ይውሰድ። ሻካራ ከሆነ ግን ያ የለብህም የሚለው ወረቀት ምንም ማለት አይደለም። ወንድምሽ በተሳሳተ መድኃኒት ላይ ነው የሚተኛው።"

"መቼ ታውቂያለሽ?"

"ሲበዛልኝ። ለመጨረሻው ምርመራ የሚበቃ የለኝም። ባስቸኩለው ይበላሽና ከመጀመሪያ እጀምራለሁ።"

እንግዲህ እጠብቅ ጀመር። ቀን ሆስፒታል ነኝ፤ በመሃል ቤት ሄጄ ለላሊ ምግቧን በረጅም እንጨት እየገፋሁ እሰጣታለሁ። ጭራዋን ትወዘውዛለች። ዕንባቆም ደረጃ ሲወጣ ይተነፍስ የነበረውን ያህል አሁን ተኝቶ ይተነፍሳል።

አንድ ቀን ከሰዓት ሐዳሳ ልትጠይቀው መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች ስልኩ ጠራ። ጋሽ መልካሙ ናቸው። ድምፃቸው ጉልህ ስለሆነ ሁላችንም ሰማናቸው።

"አንተ ልጅ፣ ጠፋህ። ላሊ እንዴት ሆነች?"

"ሞቱባት፣ ጋሽዬ።"

"አሁንም? አይዞህ። ኮማንደር ዕዳውን አይክድም፣ ስታገግም አምጣት። ዛሬ የዳምቦያዋ እዚሁ ናት። የሷም ቡችሎች እንዲሁ ሞተውባት ነው የተመለሰችው። ዘመኑ ምን እንደሆነ እንጃ።"

ሐዳሳ ከአልጋው ላይ ተነሳች። ስልኩ ሲዘጋ "ሰማህ?" አለችው። "የሞተባት ሁሉ ወደ እሱ ተመልሳ ትሄዳለች። ይህ የሚተላለፈው በመገናኘት ነው። ደውልና አስቁማቸው።"

"ስሙን አግኝተሽዋል?"

"ገና።"

"እንግዲያው ገና ለሆነ ነገር የሰውዬውን ስም አላጠፋም። አንጋጫ ውስጥ አንዴ የኮማንደር ዘር ይገድላል ከተባለ በኋላ ተሳስቼ ነበር ብትዪ ማን ይሰማሻል?"

"የዳምቦያዋስ?"

"የዳምቦያዋ ዛሬ ሆኗል" አለ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

የመጨረሻው ምርመራ ቀን ሐዳሳ በጠዋት ደውላ ጠራችኝ። ዶክተር ሊያ ራጁ መታየቱን፣ የቲቢው መድኃኒት ከሰዓት እንደሚጀመር የነገረችን በዚያው ጠዋት ነው። ባጃጅ ይዤ ሄድኩ።

ወደ ውስጥ አላስገባችኝም። በመስታወቱ በር በኩል ቆሜ እንዳይ ብቻ ፈቀደችልኝ። ሙሉ ልብሷን ለብሳለች፤ የሚታየኝ ዓይኗ ብቻ ነው። መስታወት ቁራጭ ላይ ሁለት የብጫ መድኃኒት ጠብታ አኖረች። በአንደኛው ውስጥ ለማነጻጸሪያ ያስቀመጠችውን፣ ለስላሳ መሆኑ የታወቀውን አማሰለች። በሌላው ውስጥ ከቡችሎቹ የተገኘውን። የነገረችኝ አስቀድማ ነው፤ ለስላሳው ብጫው ውስጥ እኩል ይሟሟል፣ ሻካራው እርስ በርሱ ይጣበቃል።

መስታወቱን አንስታ ብርሃን ላይ ያዘችው፤ ቀስ አድርጋ አዘነበለችው። መጀመሪያ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነበሩ። ትንፋሼ በሩን አደበዘዘው፤ በእጅጌዬ ጠረግሁት። ዳግም ሳይ አንደኛው ጠብታ እንዳለ ነው፤ ሁለተኛው፣ የቡችሎቹ፣ ግን እንደተበላሸ ወተት ቁርጥርጥ ብሏል። ብጫው ለብቻው፣ ፍርፋሪው ለብቻው።

ሐዳሳ ወደ እኔ አልዞረችም። አዲስ መስታወት አውጥታ ከመጀመሪያው ደገመችው። ያው ሆነ። ያኔ ዞረችና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀችልኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ የዕንባቆም አልጋ በሰው ተከቧል። ኳየሩ ሊጠይቀው መጥቷል። ሳባ ሾርባ በፔርሙስ ይዛ ከአልጋው አጠገብ ቆማለች። ነርሷ የመድኃኒቱን ሳህን ይዛ መጥታ ነበር። ሐዳሳ ዶክተር ሊያን በር ላይ ይዛ ስታስረዳት እሰማለሁ። ዶክተር ሊያ እየሰማች ግንባሯን ቋጠረች።

"ይህ የውሻዋ ውጤት ነው፤ የእሱ አይደለም" አለች።

"የእሱን ደም ስጡኝና እንዲሁ ላሳድገው" አለች ሐዳሳ።

"ሳምንታት ይፈጃል። እስከዚያ በምን ላይ ተመርኩዤ ነው መድኃኒት የምቀይረው? ውሻ ያላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ውሻ ስላለው ብቻ አይያዝም።" ወደ አልጋው መጣች። "ዕንባቆም፣ ውሻህ ስትወልድ አብረህ ነበርክ?"

"ነበርኩ።"

"ምን ያህል ነካሃቸው?"

የመጋቢው አጎት ትራሱ ላይ ቀና አለ። ዕንባቆም መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ሳባን አየ። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። ነርሷ ክኒኖቹን በመዳፏ ይዛ ትጠብቃለች። አንዲት ቃል ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት እጁን አንስቶ አስቆመኝ።

"በአፌ ተነፈስኩባቸው" አለ። "እንዲድኑ ብዬ። አሁን አንዱን። የመጀመሪያው ጊዜ ግን ሁሉንም።"

ሁሉንም መሆኑን እኔም ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

ከኳየሩ ውስጥ አንዷ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ሳባ ከፔርሙሱ ሾርባ ቀዳች፤ በማንኪያ አንዴ ራሷ ቀመሰችው። ማንኪያውን ሳትቀይር ለዕንባቆም አፍ አስጠጋችለት።

"ታዲያ ማይኩን በአልኮል የምጠርገው ያለ ምክንያት መስሎህ ነበር?" አለችው። "ዋጥ፣ ሳይበርድ።"

ዋጠ። ዶክተር ሊያ ለነርሷ "መልሺው" አለቻት፤ ክኒኖቹ ተመለሱ። በዚያው ሰዓት ደሙ ተወሰደ፣ ሌላ መድኃኒትና መርፌ ታዘዘለት። ከዚያ ዶክተር ሊያ ማዳመጫዋን ደረቱ ላይ አኖረች። ብዙ አዳመጠች። ቦታውን ቀየረች፣ ደግማ አዳመጠች። ስታነሳው ፊቷ ላይ የነበረው እፎይታ የለም።

በማግስቱ ልቡን በአልትራሳውንድ አዩት። ባክቴሪያው ደሙን ከሚያሳልፉት የልቡ በሮች በአንደኛው ላይ ተቀምጦ ሲበላው ቆይቷል። ዶክተር ሊያ ወደ ኮሪደሩ አውጥታ ነገረችኝ፤ መድኃኒቱ ትክክለኛው ነው፣ በሩ ግን በመድኃኒት አይጠገንም። ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ነው፤ ለመንገዱ እንኳን አቅም ማግኘት አለበት።

ትኩሳቱ ወረደ። ይህን ማንም ሊወስድብኝ አይችልም፤ ትኩሳቱ ወርዶ፣ አንሶላው ደርቆ ያደረበትን ጠዋት አይቻለሁ። ቆጮ አማረኝ አለ። ከደሙ የበቀለውም ያው ሻካራው ሆኖ ተገኘ። ሐዳሳ ይህን ስትነግረው "እንኳን ደስ አለህ፣ ከላሊ ጋር ተዛመዳችሁ" አለችው፤ ሳቀ፤ ስቆ አልጨረሰም፣ ትንፋሽ አጠረው።

"እንግዲህ ስም አለው" አለችው ሐዳሳ። "አሁን ለጋሽ መልካሙ ይነገራቸው። እኔ ልደውል?"

"እኔ ነኝ የምነግራቸው። ፊት ለፊት። ለእኔ ብለው ነው ሁለተኛ ያገናኙልኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አልነግራቸውም።"

"ቆመህ እስክትሄድ ስንት ውሻ ይምጣ?"

አሰበ። ስልኩን ጠየቀኝ። "ጋሽዬ" አላቸው፣ "አንድ ነገር ልለምንዎት። እኔ እስክመጣ ኮማንደርን ከማንም ጋር አያገናኙት።"

"ለምን?"

"ስመጣ እነግርዎታለሁ።"

"ዛሬ የሺንሺቾ ሰው ቀጥሬያለሁ እኮ።"

"ይመልሱት። ስለ እኔ ብለው።"

በስልኩ ውስጥ ዶሮ ሲጮህ ይሰማል። "ቃልህ ነው? መጥተህ ትነግረኛለህ?"

"ቃሌ ነው።"

"እንግዲያው መለስኩት" አሉ።

ሐዳሳ "ከማን ነው የጀመረው ቢሉህ ግን ምን ትላለህ?" አለችው። "ኮማንደር ለላሊ ይስጣት፣ ላሊ ለኮማንደር ትስጠው እኔ አላውቅም። ምርመራው ስሙን ነው የነገረኝ፤ ከየት እንደተነሳ አልነገረኝም።"

"እንደዚያው እላቸዋለኋ" አለ።

አንጋጫ አልሄደም። ትኩሳት በሌለበት፣ ፀሐይ መስኮቱ ላይ በነበረችበት ጠዋት፣ ፊቱን እንዳጥብለት ቀና ብሎ ተቀምጦ ሳለ "ጣቢ" ብሎ እጄን ያዘኝ፤ በዚያው ልቡ ቆመ። ዶክተር ሊያና ነርሶቹ ብዙ ታገሉለት። ደረቱን ሲጫኑት፣ አፉ ላይ አየር ሲሰጡት፣ እኔ ግድግዳው ጋ ቆሜ ነበር። ከዚያ አቆሙ።

ዕድሩ ድንኳን ተከለ። ኳየሩ መጥቶ ያለ ሶሎ ዘመረ፤ የእሱ ቦታ ሲደርስ ማንም አልገባበትም፣ ኪቦርዱ ብቻ አለፈው። ከቀብሩ ማግስት ሰዉ በድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ከመንገዱ የመኪና ድምፅ ተሰማ። በሩ ላይ ፒካፕ ቆመ። ጋሽ መልካሙ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወረዱ፤ ጥቁር ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከኋላ፣ በጭነቱ ላይ፣ በሰንሰለት የታሰረ ትልቅ ውሻ ቆሟል።

ኮማንደርን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም ነበር። ግንባሩ ሰፊ ነው። አየሩን አሸተተና ጆሮውን ወደ ጓሯችን አቀና። ከጓሮ ላሊ አለቀሰች።

ጋሽ መልካሙ አቀፉኝ፤ ትከሻዬ ላይ አለቀሱ። "ልጄ" አሉኝ፣ "ትናንት ማታ ነው የሰማሁት። ለቀብሩ አልደረስኩም። ግን ባዶ እጄን አልመጣሁም።" ወደ መኪናው አመለከቱ። "አደራ ብሎኝ ነበር። እስክመጣ ከማንም ጋር አያገናኙት አለኝ። ገባኝ፤ ለላሊ እንዲቆይለት ነው። የሺንሺቾውን መለስኩ፣ ሌሎችም መጥተው መለስኩ። እሱ ባይኖር ዕዳዬ አልቀረም። ቡችሎቹ ያንቺ ይሆናሉ፤ እኔ ምርጫዬን ትቻለሁ።"

ሾፌሩ የጭነቱን በር እየከፈተ ነበር። ኮማንደር ወደ ታች ለመዝለል ሰንሰለቱን ወጠረ።

"አይክፈተው" አልኩ።

"ኧረ አይናከስም፤ ሰው ይወዳል።"

"ጋሽዬ፣ አይክፈተው።" በመኪናውና በግቢው በር መሃል ገብቼ ቆምኩ። ከድንኳኑ የተቀመጡት አንገታቸውን ወደ እኛ አቅንተዋል። ሾፌሩ እጁ በመቀርቀሪያው ላይ እንዳለ ቆመ። "ዕንባቆም ሊነግርዎ የነበረው ሌላ ነው። ቃሉን ልፈጽምለት፤ እዚሁ ይስሙኝ።"

ነገርኳቸው። የቡችሎቹን፣ የአፉን፣ የሁለቱን ጠብታ፣ የልቡን። የሚመለሱት ውሾች ሁሉ ለምን እንደሚመለሱ፣ አንዴ የገባበት ውሻም በሽታውን ይዞ እንደሚኖር ነገርኳቸው። ጋሽ መልካሙ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰሙኝ፤ አንዴም አላቋረጡኝም። ስጨርስ ከንፈራቸው ደርቆ ነበር።

"ከኮማንደር ነው የያዘው?" አሉኝ።

ሰው ሁሉ ይሰማል። የሚቆጡበት ሰው ለማግኘት የሚጠብቁ ዓይኖች ነበሩ፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። አዎ ብላቸው የሚከራከረኝ አልነበረም።

"አይታወቅም" አልኩ። "ከላሊ ወደ እሱም ሊሆን ይችላል። ምርመራው ስሙን ነው የሚናገረው፤ ከየት እንደተነሳ አይናገርም። ዕንባቆምም እንደዚያ ሊልዎ ነበር።"

ጋሽ መልካሙ ለሾፌሩ "ዝጋው" አሉት። ሄደው የኮማንደርን ሰንሰለት ራሳቸው አጠበቁ፤ ራሱን ሊዳብሱ እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡት። ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ከወንዶቹ ጎን ተቀመጡ። ምሳ ሲቀርብላቸው አልበሉም። ላሊ ከጓሮ ስታለቅስ፣ ኮማንደር ከመኪናው ላይ ሲመልስላት፣ ቀና እያሉ ያዳምጡ ነበር።

ሰዉ መበተን ሲጀምር ተነስተው ወደ እኔ መጡ።

"ያቺን የላብራቶሪዋን ልጅ አሳዪኝ" አሉ። "መጀመሪያ እነዚህ ሁለቱ ውሾች ሳይሰቃዩ እንዲያልፉ ታድርግልኝ። ከዚያ መኪናው አለ፣ አብራኝ ትምጣ። ለኮማንደር ውሻ ያመጡትን ሰዎች ቤት ሁሉ እኔ አውቀዋለሁ። ከዳምቦያ እንጀምር።"

ሐዳሳ ከሴቶቹ መሃል ተነሳች። ጓንቷን ለማምጣት ወደ ቤት ስትገባ እኔ ወደ ጓሮ ዞርኩ፤ ላሊን በዚያ ረጅም እንጨት ሳይሆን በእጄ፣ በጓንት ውስጥ ባለ እጄ፣ አንዴ ልዳብሳት ፈለግሁ።